በፊልም ውስጥ አስተርጓሚ አይሳሳትም

አሕመድ ኢብን ፋድላን በእውን የነበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ921 የባግዳዱ ኸሊፋ አል ሙቅተዲር በቮልጋ ወንዝ ዳር ይኖሩ ወደነበሩት ቡልጋሮች ከላካቸው መልዕክተኞች አንዱ ሲሆን፣ እዚያ ያገኛቸውን ሰሜናውያን ነጋዴዎች አኗኗርና የቀብር ሥርዓት ጽፎ ትቶልናል። በቀብሩ ላይ አንድ ሰሜናዊ ለአስተርጓሚው የሆነ ነገር ሹክ ሲለው ያያል። ኢብን ፋድላን ቋንቋውን አያውቅምና «ምን አለህ?» ብሎ አስተርጓሚውን ይጠይቃል። መልሱ ስድብ ቢጤ ነበር፤ የምትወዱትን ሰው አፈር ውስጥ የምትከቱ እናንተ ዓረቦች ሞኞች ናችሁ የሚል።

ከአንድ ሺሕ ዓመት በኋላ ሆሊውድ ይህንኑ ሰው አንቶኒዮ ባንዴራስ አድርጎ አመጣልን። በማይክል ክራይተን ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ዘ ሰርቲንዝ ዋሪየር» የተባለው ፊልም በየቪዲዮ ቤቱ ሲታይ የነበረ በመሆኑ ብዙ አንባቢ ያስታውሰዋል። በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ኦማር ሸሪፍ የሚጫወተው አስተርጓሚ አለ፤ ጥቂት ቆይቶ ይሰናበታል። ከዚያ ኢብን ፋድላን ማታ ማታ እሳት ዙሪያ ከተቀመጡት ጦረኞች መካከል ዝም ብሎ አፍ አፋቸውን ያያል። መጀመሪያ የሚሰማው ጫጫታ ነው። ቀጥሎ አንድ ቃል፣ ቀጥሎ ግማሽ ዓረፍተ ነገር፣ በመጨረሻ ሁሉም ነገር ግልጽ ይሆንለትና እናቱን ለሰደበው ሰው በገዛ ቋንቋው አጸፋውን ይመልሳል። እንዴት ቻልክ ሲሉት፣ አዳመጥኩ ነው መልሱ።

ትዕይንቱ ያምራል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ፊልሙ በታሪክ የተመዘገበውን አስተርጓሚ አባርሮ በቦታው ተዓምር እንዳስቀመጠ ልብ በሉልኝ።

ሲኒማ መቼ እውነት ሆኖ ያውቃል ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ከአምስተኛ ፎቅ የዘለለ ሰው ተነሥቶ ቢሮጥ የሚጎዳ የለም፤ ሐኪሙ እግር ስብራትን ከፊልም አልተማረውም። የቋንቋ ጉዳይ ግን ለየት ይላል። አፍ ያለው ሰው ሁሉ ቋንቋ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ይመስለዋል። ዳኛው፣ መርማሪው፣ በኤምባሲ መስኮት ጀርባ የተቀመጠው ሹም፣ ስለ ቋንቋ ትምህርት ቤት የተማሩት ነገር ቢኖር ሰዋስው ነው፤ የቀረውን ከልብ ወለድና ከፊልም ነው የለቃቀሙት። እኔ በሕግ የተመረቅሁ ሰው እንጂ የቋንቋ ምሁር አይደለሁም። ነገሩ የሚያሳስበኝም ከዚሁ ከሙያዬ በኩል ነው፤ ሰው ነፃ የሚወጣውም የሚታሰረውም በተናገረው ቃል፣ ይበልጡን ደግሞ «ተናገረ» ተብሎ በተጻፈለት ቃል ነውና።

በመጀመሪያ የፍጥነቱን ነገር እንይ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ቋንቋ የሚያስተምርበት ተቋም ለየቋንቋው የሚበቃውን ጊዜ ከልምዱ ተነሥቶ አስልቶታል። ለአማርኛ የመደበው 44 ሳምንት ወይም 1,100 ገደማ የክፍል ሰዓት ነው። ያውም ተማሪዎቹ ሥራቸው መማር ብቻ የሆነ፣ ደመወዝ እየተከፈላቸው ከመምህር ጋር የሚውሉ ጎልማሶች ናቸው። እሳት ዳር ቁጭ ብሎ የማዳመጡን መንገድ በተመለከተም ቢሆን ጥናት አለ። በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ፓትሪሻ ኩልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፣ 9 ወር የሆናቸው አሜሪካውያን ሕፃናት ቻይንኛ ተናጋሪዎች በአካል እያጫወቷቸው 12 ጊዜ ሲያነቡላቸው የቋንቋውን ድምፆች መለየት ቻሉ። ያንኑ ንባብ በቴሌቪዥን ወይም በድምፅ ብቻ የሰሙት ግን ምንም አልያዙም። የሚያናግረው ሰው የሌለው ጆሮ፣ የሕፃን ጆሮ እንኳ ቢሆን፣ ዝም ብሎ እንደ ስፖንጅ አይመጥም ማለት ነው።

የሚገርመው ግን ይህን ጉዳይ ከሆሊውድ በፊት በትክክል የጻፈ ደራሲ መኖሩ ነው። የጻፈውም ስለ ኢትዮጵያዊ ልዑል ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ባሳተመውና ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ በመለሱት «ራሴላስ» ውስጥ፣ ልዑሉና እህቱ ከተከለሉበት ሸለቆ አምልጠው ካይሮ ይገባሉ። ደራሲው ወዲያው ከካይሮ ሊቃውንት ጋር ማወያየት ይችል ነበር፤ አላደረገም። ሁለት ዓመት ቋንቋ አስጠናቸው። ኢትዮጵያን በዓይኑ ያላየ፣ በሎቦ መጽሐፍ በኩል የሚያውቃት ሰው ይህን ያህል ሲጠነቀቅ፣ በብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚሠራ ፊልም በአንድ ምሽት መጨረሱ ምን ይባላል?

እንግዲህ ሁለተኛው ነገር የባዕድ ቋንቋ ድምፅ ነው። እዚህ ላይ እኛን ፈገግ የሚያሰኝ ብዙ አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው የ«ስታር ዋርስ» ፊልም ከጦር መርከቡ አብራሪዎች አንዱ የሆነው ባለ ትልቅ ጉንጭ ፍጡር የሚናገረው ኪኩዩ ነው፤ ድምፁን የሰጠው አሜሪካ ይማር የነበረ ኬንያዊ ተማሪ ነበር። ለአሜሪካ ተመልካች የሌላ ዓለም ጉርምርምታ፣ ለናይሮቢ ተመልካች ግን የጎረቤቱ ወሬ። እ.ኤ.አ. በ2009 ለወጣው «አቫታር» ደግሞ ፖል ፍሮመር የተባሉ ምሁር ሙሉ ቋንቋ ፈጥረዋል። ሥራቸው የሚደነቅ ነው። ቋንቋው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ከሌላ ዓለም የመጣ እንዲመስል ካስገቧቸው ድምፆች መካከል ታዲያ ትንፋሽ ጉሮሮ ላይ ታፍኖ የሚፈነዱት ይገኙባቸዋል፤ ማለትም የእኛ «ጵ»፣ «ጥ» እና «ቅ»። ጠላ ጠምቃ ያሳደገችን እናት ሁሉ ሳታውቀው የሌላ ፕላኔት ቋንቋ ስትናገር ኖራለች ማለት ነው።

«ብላክ ፓንተር»ንም አለማንሳት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ይህ ፊልም ዋካንዳ የተባለች ምናባዊ አገር ከእኛው አካባቢ ከምሥራቅ አፍሪካ ያስቀምጣታል። ከሽማግሌዎቿ የአንዱ የከንፈር ሸክላ የሙርሲና የሱርማ ነው፤ ፊደሏ ከናይጄሪያው ንሲቢዲ የተነሣ ነው። ቋንቋዋስ? የደቡብ አፍሪካው ኮሳ። ምክንያቱም ታላቁ የደቡብ አፍሪካ ተዋናይ ጆን ካኒ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ቀዳሚ ፊልም የንጉሡን ሚና ሲጫወቱ ንግግሩን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ለምን አናደርገውም ብለው በማቅረባቸው ነው። የኮሳ ምላስን እያስጮሁ የሚነገሩት ድምፆች ግን ዝም ብሎ «አፍሪካዊ» ድምፆች አይደሉም። የኮሳ ሕዝብ በደቡብ ከኮይሳን ሕዝቦች ጋር ተጎራብቶና ተጋብቶ የወረሳቸው፣ የአንድ የተወሰነ ታሪክ ማኅተሞች ናቸው። ተረት ስለሆነ ይቅር እንበለው። በበኩሌ ከ«ኡንጋ ቡንጋ» ዘመን አንፃር ትልቅ እርምጃ ነው እላለሁ።

ይቅር ለማለት የሚከብደኝ ከዚህ ሥር የተቀበረው ሐሳብ ነው፤ አንድ አገር አንድ ሕዝብ፣ አንድ ሕዝብ አንድ ቋንቋ የሚለው። ሜል ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው የክርስቶስ ሕማማት ፊልም በአረማይክ፣ በዕብራይስጥና በላቲን በመነገሩ ብዙ ተመሰገነ። የእኛ ሰውም ዘመድ ቋንቋ እንደሰማ ጆሮው ቆሟል፤ በማርቆስ ወንጌል ብላቴናይቱ በአረማይክ «ቁሚ» ስትባል ለአማርኛ ተናጋሪ ትርጉም የሚያሻው አይደለም። ሆኖም በዘመኑ በምሥራቁ የሮም ግዛት ገዢና ተገዢ የሚገናኙበት ቋንቋ በአብዛኛው ግሪክኛ ነበር። የዮሐንስ ወንጌል ራሱ በመስቀሉ ላይ የተጻፈው በዕብራይስጥ፣ በሮማይስጥና በግሪክ ነው እያለ፣ ጲላጦስና ኢየሱስ በፊልሙ በላቲን ይነጋገራሉ። ሮማዊ ላቲን፣ አይሁዳዊ አረማይክ፤ ለየድንበሩ አንዳንድ ቋንቋ። እንደ ኢየሩሳሌም ባለ ከተማ በአንድ ቀን ሦስት ቋንቋ የሚያቀያይር ሰው ይጠፋ ነበር? መርካቶ ውስጥ እንኳ ስንቱ ነጋዴ በጉራጊኛ ተማክሮ፣ በኦሮምኛ ገዝቶ፣ በአማርኛ ይሸጣል።

ይህ ሐሳብ ከሲኒማ አዳራሽ ወጥቶ ቢሮ ሲገባ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ምሳሌ ከራሳችን ታሪክ አለ። በ1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ሲጀመር፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የኤርትራ ተወላጆች ከኢትዮጵያ ተባረሩ። ከእነርሱ መካከል አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ፣ አፋቸውን በአማርኛ የፈቱ፣ ኋላም አስመራ ላይ «አምቼ» የሚል ስም ለወጣላቸው ሰዎች የተጨመሩ ብዙዎች ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ ተሰድዶ አውሮፓ ይገባል እንበል። «ኤርትራዊ ነኝ» ይላል፤ የሚናገረው ግን የፒያሳ አማርኛ ነው። ትግርኛው ይሰባበራል። የፊልሙን ቋንቋ ሕግ የያዘ ሹም ፊት ቢቀርብ ውሸታም ነው። ታሪኩን ለሚያውቅ ግን ያ አማርኛ ራሱ ምስክሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ የልብ ወለድ ሰው ጣልቃ ይገባል። በርናርድ ሾው እ.ኤ.አ. በ1913 መድረክ ላይ ባወጣው «ፒግማሊዮን» ውስጥ ፕሮፌሰር ሂጊንስ አለ። የማንኛውንም ሰው አነጋገር ሰምቶ የመጣበትን ቦታ በስድስት ማይል ልዩነት፣ ለንደን ውስጥ ከሆነ በሁለት ማይል፣ አንዳንዴም በሁለት ጎዳና እለያለሁ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1964 «ማይ ፌር ሌዲ» ተብሎ በፊልም ከወጣ ወዲህ ደግሞ የቋንቋ ሊቅ ማለት ለብዙ ሰው ሂጊንስ ነው። አነጋገር የመጡበትን ይጠቁማል፤ የጎጃምና የሸዋ አማርኛን የማይለይ የለም። ነገር ግን አንደበት የሚናገረው ሰው ከማን ጋር እንዳደገ ነው። የፓስፖርትን ቀለም አይናገርም፤ ድንበርም በቋንቋ መስመር ላይ አልተሰመረም። ደግሞ ሰው ሲሰደድ ካምፕ ይገባል፣ ሌላ አገር ይሻገራል፣ ከሌሎች ጋር ይከርማል፤ አነጋገሩ አብሮት ይሰደዳል። በርካታ መንግሥታት የጥገኝነት ጠያቂዎችን ድምፅ ቀድተው ለምርመራ መላክ ሲያዘወትሩ፣ ነገሩ ያሳሰባቸው የቋንቋ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2004 መመሪያ አውጥተዋል። ፍሬ ነገሩ ሁለት ነው፤ የቋንቋ ምርመራ ሰው የት ማኅበረሰብ ውስጥ እንዳደገ እንጂ ዜግነቱን በቀጥታ ሊያሳይ አይችልም፤ ደግሞም ቋንቋውን መናገር ብቻውን ሰውን መርማሪ አያደርገውም። ሂጊንስ ግን እነዚህን ሁለት ነጥቦች ሰምቶ አያውቅም፤ ሂጊንስን የተመለከቱትም እንዲሁ።

ስለ «አራይቫል» በአጭሩ ልበል፤ ምክንያቱም ካየኋቸው ሁሉ የተሻለው እርሱ ነው። ቴድ ቻንግ እ.ኤ.አ. በ1998 ካሳተመው ታሪክ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የተሠራ ሲሆን፣ የቋንቋ ምሁሯ ዋና ገጸ ባሕርይ ናት። ኮሎኔሉ እንግዶቹ ፍጡራን ለምን እንደመጡ ቶሎ ጠይቂልኝ ሲላት፣ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፋ ቃል በቃል ትበትንበታለች፤ እነዚህ ፍጡራን ጥያቄ የሚባል ነገር መኖሩን ያውቃሉ? «እናንተ» ስንል አንዱን ነው ወይስ ሁሉንም? ይህ ለመስቀለኛ ጥያቄ የሚዘጋጅ ጠበቃ ሁሉ ሊያየው የሚገባ ትዕይንት ነው። ከዚያ ግን ፊልሙ ቋንቋውን የተማረ ሰው የወደፊቱን ጊዜ ማየት ይጀምራል ወደሚለው ይሻገራል። የዚህ ሐሳብ አያት ቤንጃሚን ዎርፍ የእሳት አደጋ ኢንሹራንስ ድርጅት ሠራተኛ የነበሩ፣ በትርፍ ጊዜያቸው ቋንቋ ያጠኑ ሰው ናቸው። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከሆኑት አንዱ የሆፒ ቋንቋ እኛ የምናውቀውን ዓይነት የጊዜ መግለጫ የለውም ብለው ነበር። ኤክሃርት ማሎትኪ እ.ኤ.አ. በ1983 ከስድስት መቶ ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ አሳትመው የሆፒ ቋንቋ በጊዜ መግለጫ የተሞላ መሆኑን አሳዩ።

በዚሁ ፊልም ውስጥ አንድ ሊቅ የሚመዘነው በሳንስክሪት «ጦርነት» የሚለው ቃል ከምን እንደመጣ በማወቁ ነው፤ ብዙ ላም ከመፈለግ ነው ይባላል። የቃሉ ሥር የቃሉ ትርጉም ነው የሚለው ስሕተት የሕግ ሰዎችም ደዌ ነው። «ባላገር»ን ሥሩን ፈልፍሎ «የአገር ባለቤት» ብሎ የሚተረጉም ሰው፣ ቃሉ በአዲስ አበባ አፍ ምን ያህል ንቀት እንደተሸከመ ሳያውቅ የስም ማጥፋት ክስ ሊዳኝ ነው።

አሁን ወደ አስተርጓሚዋ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2005 ኒኮል ኪድማን የተጫወተችበት «ዚ ኢንተርፕሪተር» በተባበሩት መንግሥታት ሕንፃ ውስጥ እንዲቀረጽ የተፈቀደለት ፊልም ነው። ወንበሩ፣ ዳሱ፣ ማዳመጫው ሁሉ እውነተኛ ነው። ማቶቦ ለተባለችው ምናባዊ የአፍሪካ አገር «ኩ» የተባለ ቋንቋ ተፈጥሮላታል። አስተርጓሚዋ የግድያ ሴራ በኩ ሲዶለት በማዳመጫዋ ትሰማለች፤ በድርጅቱ ውስጥም ከኩ ታስተረጉማለች። ሕንፃው እውነት፣ ሥራው ግን ተረት ሆነ። ድርጅቱ የሚያስተረጉመው በስድስት ቋንቋዎች መካከል ብቻ ነው፤ በዓረብኛ፣ በቻይንኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በሩስኛና በስፓኒሽ። ከእነዚህ ውጭ የሚናገር መሪ አስተርጓሚውን ይዞ ይመጣል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1963 በጠቅላላ ጉባዔው በአማርኛ ሲናገሩም ትርጉሙ ከእኛው ወገን ነበር። እግረ መንገዴን፣ ቦብ ማርሌይ እ.ኤ.አ. በ1976 ዘፈን ያደረገው ያንኑ ንግግር ነው፤ ዓለም እስከ ዛሬ የሚያቀነቅነው እንግሊዝኛ እንግዲህ ከንጉሡ አፍ የወጣው ሳይሆን የተርጓሚው ቃል ነው።

በዚያ ላይ አስተርጓሚ ብቻውን ዳስ ውስጥ አይውልም። ሁለት ወይም ሦስት ሆነው በየ20 ወይም በየ30 ደቂቃው ይቀያየራሉ፤ ከዚያ ካለፈ አእምሮ ይዝልና ስሕተት ይበዛል። ይህ ዕውቀት የተገኘው በዋናነት ከፍርድ ቤት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1945 ኑረምበርግ ላይ የናዚ ሹማምንት ሲዳኙ፣ በአራት ቋንቋ የሚሠራ በአንድ ጊዜ የማስተርጎም ሥርዓት ተዘረጋ። አስተርጓሚዎቹ 12፣ 12 ሆነው በሦስት ቡድን ተደለደሉ። ከተናጋሪው ፊት ሁለት አምፖሎች ነበሩ። ቢጫው ሲበራ ቀስ በል፣ ቀዩ ሲበራ አቁም ማለት ነው። የዓለም ኃያላን ዳኞች አስተርጓሚው ሲያዳግተው ጉባዔውን የማስቆም ሥልጣን ሰጡት። እኔ ያንን ቀይ አምፖል በአንድም ፊልም ውስጥ ጠቃሚ ሆኖ አላየሁትም፤ በፊልም አስተርጓሚ አይደክመውም፣ አይሳሳትም፣ «ይህን እንዴት እንደምለው አላውቅም» አይልም።

ስለ ትርጉም ስሕተት ለእኛ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት መጠቀም «ይቻላቸዋል» የሚል ነበር። የኢጣሊያንኛው ግን ለመጠቀም ተስማምተዋል የሚል ፍቺ ያለው ግሥ ያዘ። የሕግ ተማሪ ሳለሁ ካየሁት ጊዜ ጀምሮ የሚያስገርመኝ ግን ሰው ሁሉ የሚያውቀው 17ኛው ሳይሆን 19ኛው አንቀጽ ነው። እርሱ የሚለው፣ ውሉ በአማርኛና በኢጣሊያንኛ ተጽፎ ሁለቱ ፍጹም የተስማሙ በመሆናቸው እኩል የጸኑ ናቸው ነው። ሁለት ቋንቋ «ፍጹም ይስማማል» ብሎ የሚፈርም ሰው የፊልሙን ሐሳብ ነው የፈረመው። ስቬን ሩቤንሰንና ካርሎ ጂሊዮ የተባሉ የታሪክ ሊቃውንት በዚያ አንድ ግሥ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹም በጥናት መጽሔት ሲሟገቱ ነበር። በአድዋ ላይ ግን ክርክሩ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ተዘግቷል።

ተራው ሰው እንዲህ ያለ መዝጊያ የለውም። ጀማሪ ሳለሁ በአንድ የወረዳ ፍርድ ቤት ያየሁትን አልረሳም። ምስክሩ አማርኛ አይችልም፤ አስተርጓሚ ተፈለገ፤ ውጭ ከተሰለፉት ባለጉዳዮች አንዱ ተጠርቶ ማለ። ምስክሩ እጁን እያወናጨፈ፣ ቦታ እያመላከተ፣ አንድ ሁለት ሦስት ደቂቃ ተናገረ። ባለጉዳዩ ወደ ዳኛው ዞረና «አላየሁም ነው የሚለው፣ ጌታዬ» አለ። ተጻፈ። ሶፊያ ኮፖላ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው «ሎስት ኢን ትራንስሌሽን» ውስጥ ጃፓናዊው ዳይሬክተር ረጅም ንግግር አድርጎ አስተርጓሚዋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስትጨርሰው ሰው ሁሉ ይስቃል። ቋንቋን በተመለከተ ፊልም እውነቱን ሲናገር ያገኘሁት እዚያ ነው፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

ሕገ መንግሥታችን በ19ኛው አንቀጽ የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ በ20ኛው ደግሞ ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም በ14ኛው አንቀጽ ይህንኑ ይላል። ሁለቱም ስለ አስተርጓሚ መኖር እንጂ አስተርጓሚው ምን መቻል እንዳለበት አይናገሩም።

ምን መቻል አለበት? ከቀላሉ ቃል እንጀምር፤ «እሺ»። መርማሪ «ቢላዋውን አንሥተህ ወደ ቤቱ ገባህ» ሲል «እሺ» የሚል አማርኛ ተናጋሪ አመነ ማለት ነው? ብዙ ጊዜ «እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል» ማለቱ ነው። አንዳንዴም «ከአንተ ጋር ምን አከራከረኝ» ማለቱ ነው። በአውስትራሊያ የሰሜን ግዛት ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 በአኑንጋ ጉዳይ ያወጣው መመሪያ የአገሬው ነባር ሕዝብ ተወላጆች በትህትናና ሹምን በመፍራት ለቀረበላቸው ሁሉ «አዎ» ሊሉ እንደሚችሉ አስጠንቅቆ፣ ፖሊስ መልሱን በአፉ እንዳያጎርሳቸው ከልክሏል። እንዲህ ያለ መመሪያ ለ«እሺ» ቢወጣለት እመኛለሁ። «አዎ»አችንስ ቢሆን? ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን የምንለውን «አዎ» የፈረንጅ መርማሪ ድንጋጤ ሊመስለው ይችላል። በጽሑፍ መዝገብ ላይ ደግሞ ጭራሽ የለም፤ ተጠያቂው ዝም አለ ተብሎ ይጻፋል።

ከዚያ ሰዓቱ አለ። ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በር ሰብረው ገቡ» ይላል። አስተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ካሻገረው፣ ፋይሉ ላይ የሚሰፍረው ሰው ራቱን የሚበላበት የማታ 2 ሰዓት ነው። በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ሌላ አስተርጓሚ በትክክል ሲቀይረው ስድስት ሰዓት የተለያየ ሁለት ታሪክ ይሆናል። ዓመቱም እንዲሁ። «ሚያዝያ 2008 ታሰርኩ» ያለው በፈረንጅ አቆጣጠር 2016 ነው፤ ሳይቀየር ካለፈ የታሰረው ስምንት ዓመት ቀድሞ ነው፣ ምናልባትም ገና ልጅ ሳለ። «ሁለት ወንድሞች አሉኝ» ያለው ሰው ሌላ ቀን አብሮት ያደገውን የአጎቱን ልጅ «ወንድሜ» ይለዋል። ሰውዬው አንድም ጊዜ አልዋሸም፤ ፋይሉ ግን ሦስት ጊዜ ተጋጭቷል። በጥገኝነት ጉዳይ ሰነድ ስለማይገኝ የሚመዘነው የቃል መጣጣም ነው። በፊልም ቢሆን ጎበዝ ጠበቃ ተነሥቶ በአንድ ንግግር ያፈርሰዋል። በእውኑ ዓለም ልዩነቱን የሚያውቀው ባለጉዳዩ ብቻ ነው፤ እርሱም ፋይሉ የተጻፈበትን ቋንቋ አያነብም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ቃለ መጠይቅ የሚጠብቀው ዘመድ ያላችሁ አንባቢያን፣ ሦስት ነገር ንገሩልኝ። ገና ሲጀመር የምጠራው ሰዓትና ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ብሎ ያስመዝግብ። ጥያቄ ሲሰማ «እሺ» አይበል፤ «አዎ» ወይም «አይደለም» ይበል፣ «አዎ»ውንም ትንፋሹን ወደ ውጭ አውጥቶ። ከመፈረሙ በፊት ቃሉ በአማርኛ መልሶ እንዲነበብለት ይጠይቅ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ያለው የማታ 2 ሰዓት ተብሎ ተጽፎ ከሆነ ያኔ ይደርስበታል።